አባታቸው ከአያታቸው ቀድሞ የሞተባቸው ልጆች

«አባታችሁ ከአባቴ ቀድሞ ሞቷል። ቀድሞ የሞተ አይወርስም... ልጆቹም አይወርሱም። በቃ!»

ይህን ያለው አጎታቸው ናዚሙል ነው።

አያታቸው ኮፊል ከተቀበሩ ገና አምስተኛ ቀናቸው ነበር።

ሽማግሌው ኑዛዜ አልተዉም። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ ሻሃዳት ከሰባት ዓመት በፊት እባብ ነድፎት ሞተ... የቀረው ታናሹ ናዚሙል ብቻ ነው።

በባሪሳል አውራጃ፣ ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን፣ ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። የሻሃዳት ሚስት ጆቤዳ ሁለት ልጆቿን ይዛ ቆማለች። ሞርጂና አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ሩቤል ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«ወንድሜ...» አለች ጆቤዳ በቀስታ። «የዓሣ ኩሬውን እኮ አባታቸው በገዛ እጁ ነው የቆፈረው።»

«ቆፈረ፣ ሞተ! ታዲያ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ሽማግሌዎቹ ፓን የሚሉትን ቅጠላቸውን እያኘኩ መሬት መሬቱን አዩ።

የመንደሩ ጸሐፊ በወራሾች ዝርዝር ላይ አንድ ስም ብቻ ጻፈ... ናዚሙል።

የሩዝ ማሳው፣ ኩሬው፣ ቤቱ... ሁሉም የእሱ ሆነ።

ጆቤዳ ልጆቿን ይዛ ከተማ ገባች። ልብስ ፋብሪካ ተቀጥራ እየሰፋች አሳደገቻቸው።

ሞርጂና ሕግ ተማረች።

ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ አንቀጽ አነበበችና ደብተሯን እንደያዘች ወደ ቤት ሮጠች።

«እማ! መብታችን ነበር! አያት ሳይናዘዝ ቢሞት፣ ቀድሞት የሞተ ልጁ ልጆች የአባታቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ግማሹ የኛ ነበር! ሕጉ እኔ ሳልወለድ የነበረ ነው!»

ጆቤዳ ደብተሩን ተቀብላ ዘጋችው።

«አጎትሽ አላወቀም ልጄ። የገጠር ሰው ነው፣ ማንም አልነገረውም። ሩቤል ከአጎቱ ጋር ደም እንዲቃባ አልፈልግም... ተይው።»

ሞርጂና እያለቀሰች ተወችው።

ዓመታት አለፉ። ከዚያ ጉባኤ በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ በዝናቡ ወቅት፣ አንድ የከሳ ሽማግሌ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ይዞ ወደ ሞርጂና የጥብቅና ቢሮ ገባ።

ናዚሙል ነበር።

«አጎቴ... ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም።

«አንዋር ልጄ ሞተ። ጀልባ ተገለበጠበት። እነዚህ የሱ ልጆች ናቸው።»

«አላህ ይማረው... አልሰማሁም ነበር።»

«እኔም ልቤን ታምሜአለሁ፣ ብዙ የምቆይ አይደለሁም። የቀሩት ሁለቱ ልጆቼ ከግድግዳው ማዶ መሬቱን ሲከፋፈሉ ሰማኋቸው። ለሦስት አይደለም... ለሁለት! ገና ሳልሞት!»

ሁለቱን ሕፃናት ወደ ፊት ገፋ አደረጋቸው።

«ጉዳያቸውን ያዥልኝ። የሟች ልጅ ልጆች የአባታቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሞርጂና ቀና ብላ አየችው።

«ሕጉን ማን ነገረዎት?»

ናዚሙል ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አጎቴ... መቼ ነው ያወቁት?»

«...ያኔ ነው። ዝርዝሩ ሲጻፍ ጸሐፊው በጆሮዬ ነግሮኛል። "ዝም በል፣ የኔን ስም ብቻ ጻፍ" አልኩት። ጻፈ።»

እናቷ «አላወቀም» እያለች ያን ሁሉ ዓመት ይቅር ስትል የኖረችው ይህን ሰው ነው።

«ይውጡ» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

ታናሿ ልጅ ግን በዝናብ ርሳ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሞርጂና ሻሿን አውልቃ ጠቀለለቻትና ወረቀት ሳበች።

«ስማቸውን ይንገሩኝ» አለች።

ናዚሙል እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በወሩ የመሬቱን ግማሽ በሞርጂናና በሩቤል ስም አዛወረ። ከዚያ ጆቤዳ ዘንድ ሄዶ እግሯ ላይ ወደቀ።

ጆቤዳ አነሳችው።

«መሬቱን ለልጆቼ ተቀብያለሁ» አለችው። «ይቅርታውን ግን ጠብቀኝ... አላወቀም ብዬ የሰጠሁህ ይቅርታ አሁን አይሠራም። አዲስ መፈለግ አለብኝ።»

ሳታገኝለት ናዚሙል ሞተ።

የአንዋር ልጆች ግን ድርሻቸውን አንድም ሳይጎድል ወሰዱ። የቆመችላቸው ሞርጂና ናት።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል...

ያን ቀን ሕጉን እያወቀ አንድ ስም ብቻ የጻፈው ጸሐፊ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሞርጂና ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም የማላውቀውን ነገረችኝ። ምን ላድርግልሽ ስላት አንድ ነገር ብቻ አለችኝ...

«ያኔ ያልጻፍከውን አሁን ጻፈው። ሰው ይወቅ።»

ይኸው ጻፍኩ።

ወዳጆቼ... የሙት ልጅን ድርሻ የሚበላው የቀማው ሰው ብቻ አይደለም። እያወቀ ዝም ያለውም አብሮ በልቷል።

እናንተ በጆቤዳ ቦታ ብትሆኑ፣ አውቆ የካደን ሰው ይቅር ትሉ ነበር?

እኔንስ?

👇 ሳትደብቁ ጻፉልኝ።