ካርታው አይዋሽም

ክብሪት ይሉታል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን አብሮት መዋል ይበቃል። የእርሻ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ባሉት ድርጅት ውስጥ የኤሌክትሪክና የሬዲዮ መካኒክ ነው። እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ምላጭ።

ረቡዕ ከሰዓት ከተማ መሃል፣ የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ ስልኩን አፉ ላይ ደቅኖ ለታላቅ እህቱ የድምፅ መልእክት ይልካል።

«እትዬ፣ ስሚኝ! እየጮህኩ አይደለም፣ ድምፄ ነው እንዲህ! ያ ባልሽ ሰሜን እርሻ ነው የምውለው አላለሽም? ውሸት! ይሄ ሦስተኛ ረቡዑ ነው! አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ስልኬ ላይ እያየሁት ነው። ቢጫዋ ምልክት ወደ ሐይቁ እየሄደች ነው፣ የሱ አውሮፕላን ቁጥር ቁልጭ ብሎ ተጽፎባታል። ሐይቅ ዳር ምን ሊረጭ ነው? ሽቶ?»

ነገሩ ተአምር የለውም። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለች አንዲት ሳጥን ቁጥሯን እየደጋገመች ትጠራለች። ጣሪያው ላይ አንቴና የሰቀለ ሰው ይቀበልና ወደ ኢንተርኔት ይልካል። ድረ ገጹ ቁጥሩን ከመዝገቡ ፈልጎ የማን አውሮፕላን እንደሆነ ይጽፋል፤ የፈለገ ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያል። ክብሪት ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት ከማየት ሌላ ሥራ የለውም። ራሳቸውም አብራሪ የሆኑት ሥራ አስኪያጅ በዚያ ሰዓት ዕቃ እንዲያመጣ ከተማ ይልኩታል፣ ባለሱቁ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስጠብቀዋል።

ምልክቷ ሐይቁ ጫፍ ስትደርስ ድርግም አለች። በዚያ አካባቢ አንቴና የሰቀለ የለም፤ ዝቅ ያለ አውሮፕላን አይታይም። ግን ምን ችግር አለ? ክብሪት እዚያ ጀልባ የሚያከራይ ጓደኛ አለው። ደወለ።

«አረፈች?»

«ማዶ ሜዳው ላይ። ነጭ ናት።»

«ሁሉም ነጭ ናቸው፣ አንተ ደንቆሮ! ማን ወረደ?»

«ከዚህ ሆኜ መልኩን ልሳልልህ? አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ ትስቃለች።»

የክብሪት ደም ፈላ።

አመሻሹ ላይ እህቱ የባሏን ልብስ በሁለት ሻንጣ ከትታ ደጅ አወጣችው። የስምንት ዓመት ትዳር፣ ሁለት ሻንጣ። ባልየው ከክብሪት ጋር አንድ ድርጅት የሚሠራ አብራሪ ነው፤ የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም።

«ሰሜን እርሻ ነበርኩ። የምበረው እኮ ዛፍ አናት ላይ ነው፤ የትኛው አንቴና ያየኛል?»

«ታዲያ ወንድሜ ይዋሻል?»

«ወንድምሽ አይዋሽም። ይቸኩላል።»

በሩ ተዘጋበት።

በነጋታው ክብሪት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ ያገኘው እጮኛውን ነው። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት፣ ሠርጋቸው አምስት ወር ቀርቶታል። በስልኩ ያስቀረውን የካርታ ፎቶ አሳያት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አንተ ምን አገባህ? የሰው ትዳር ነው። ተወው በቃ፣ በኔ ሞት!»

እንዴት ያለች ልበ ቡቡ ናት፣ አለ በልቡ። ለሰው ባል እንኳ ትሳሳለች።

ከዚያ በቀጥታ አውሮፕላኖቹ የሚቆሙበት አዳራሽ ገባ። በአብራሪው አፍንጫ ላይ ስልኩን ደቀነ። ሁልጊዜ «ጋሼ» ነበር የሚለው፤ ዛሬ ዋጣት።

«አንተ! ረቡዕ ረቡዕ ሴት ጭነህ ሐይቅ ዳር ትዝናናለህ፣ እህቴ ደግሞ ያንተን ካልሲ ታጥባለች!»

«ሐይቁን ከዓመት በፊት ነው ያየሁት።»

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል! ካርታው አይዋሽም!»

ሸምገል ያሉት የመካኒኮቹ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ረቡዕ ነው ያልከው? እስኪ ረጋ ብለህ አጣራ።»

«አጣርቻለሁ! ምስክርም አለኝ!»

ጫጫታውን ሰምተው ሥራ አስኪያጁ ወጡ። ስልኩን ተቀበሉ፣ አዩ፣ መለሱ። ብዙ ጥያቄ አልጠየቁም።

«የድርጅቱን አውሮፕላን ለሽርሽር? ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሃል።» የክብሪትን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «እንዳንተ ዓይነት ንቁ ልጅ ነው የምንፈልገው።»

ክብሪት ደረቱን ነፋ። አብራሪው ቆቡን አወለቀ፤ ሥራም ቤትም በአንድ ሌሊት። «አንድ ነገር ብቻ» አለ። «ከመሄዴ በፊት ሳጥኑን አውጡና ፈትሹልኝ። ቁጥሩ የኔ ከሆነ እሄዳለሁ።»

«ጊዜ አታባክኑ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ይፈተሽ!» አለ ክብሪት። «እንዲያውም ሁሉም ሰው ይይ!»

አለቃው ካቻቢቴያቸውን ይዘው ወደ አብራሪው ወንበር ወጡ። አራት ብሎን ፈቱ፣ ክዳኑን አነሱ፣ በባትሪ አበሩ። ብዙ ቆዩ። ሲወርዱ እጃቸው ላይ ሳጥን የለም፤ ሽቦ ላይ ታስሮ የነበረ ቁራጭ ወረቀት ነው ያለው። መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡት።

«የሥራ አስኪያጁ ሳጥን ስለተበላሸ የዚህኛው ለጊዜው ወደሳቸው አውሮፕላን ተዛውሯል።» ወረቀቱን ገለበጡት። «ፊርማው ያንተ ነው። ነቅለህ ሰካህና ቁጥሩን ሳትቀይር ሄድክ።»

ክብሪት ዞሮ ሥራ አስኪያጁን ፈለገ። ሄደዋል።

«ልጄ» አሉ አለቃው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ረቡዕ ረቡዕ እሳቸው እጮኛህን አውሮፕላናቸው ላይ አሳፍረው ሲነሱ እያየን ዝም ያልነው፣ አውቀህ የተውከው መስሎን ነው።»