ሁለቴ «አይቸገሩ» ያለችው ዶክተር

«ለዶክተሩ ደውይለት እልሻለሁ!»

«አልችልም ሲኞራ… ነውር ነው።»

«ከሮም መባረርሽስ? እሱ ነውር አይደለም?!»



ጎልናር ስልኩን ታነሳዋለች… ታስቀምጠዋለች… ደግሞ ታነሳዋለች። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻ፣ ቀጠሮ አላት።

ጎልናር ሐኪም ናት። ከኢራን፣ ከሺራዝ ከተማ መጥታ አራት ዓመት ጣሊያንኛ ተምራለች። ፈተናውንም አልፋለች፤ ዲግሪዋም ጸድቆላታል።

የጎደላት አንድ ነገር ነው… «እኔ ቀጥሬያታለሁ» ብሎ አንድ ሐኪም የፈረመበት ኮንትራቶ።

እሱ ከሌለ ፔርሜሶዋ አይታደስም። የአራት ዓመት ልፋት… በአንድ ፊርማ እጦት ገደል ሊገባ!

ሲኞራ ያለምዘውድ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ውስጥ ክፍል ያከራዩዋት ሴትዮ ናቸው። እናታቸው የአዲስ አበባ፣ አባታቸው ጣሊያን። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው፤ አፋቸው ግን ገና ሃያ አልሞላውም!

አሎራ… ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሮም ያሉ ኢራናውያን ሐኪሞች በየወሩ አንድ እሁድ ይሰበሰባሉ። አንዱ የፈተና ማስታወሻውን ለአዲስ መጪ ያወርሳል። አንዷ ሶፋዋን ለእንግዳ ትዘረጋለች። ሌላው «እዚህ ሰፈር ሥራ አለ» ብሎ ይጠቁማል።

ጎልናር ራሷ በሰው ማስታወሻ አጥንታ ነው ያለፈችው። ደግ ሰዎች ናቸው… አልዋሽም።

ግን አንድ ጉድ አላቸው። ለሌላው ይጠይቃሉ እንጂ ለራሳቸው ትንፍሽ አይሉም!

ሲጋበዙም ሁለቴ «አይሆንም» ማለት ወግ ነው። ግብዣው ከልብ ከሆነ ሦስተኛው ይመጣል። ተዓሮፍ ይሉታል… የኛ የይሉኝታ የሥጋ ዘመድ በሉት።

«ኧረ በልቻለሁ» እያልን በባዶ ሆዳችን የምንወጣ ሰዎች ልንስቅባቸው አንችልም መቼም!

ባለፈው እሁድ ስብሰባው ላይ ታዲያ ዶክተር ሆርሞዝ ጠጋ አሏት። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቼንቶቼሌ ሰፈር የራሳቸው ክሊኒክ አላቸው።

«የሚቀጥርሽ ካላገኘሽ እኔ ልፈርም። እኔ ዘንድ ሥሪ» አሏት።

ልቧ ዘለለ። አፏ ግን…

«አይቸገሩ ዶክተር፣ አግኝቻለሁ።»

ምን አግኝታ! ማንም የላትም!

«እርግጠኛ ነሽ? ለኔ ምንም ችግር የለውም።»

«በፍጹም አላስቸግርዎትም።»

ሦስተኛውን ጠበቀች… ጠበቀች…

ሽማግሌው ፈገግ ብለው «ቫ ቤኔ… ይሁን» አሉና ኮታቸውን ይዘው ወጡ።

«ለወጉ ነው የጠየቁኝ» አለች በልቧ። ሳምንቱን ሙሉ አሥራ አንድ ክሊኒክ አንኳኳች። ሁሉም «እንደውልልሻለን»… እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።

ለዶክተር ሆርሞዝ ደወለች… አይነሳም። እንደገና… አይነሳም።

«አዩ ሲኞራ? ሸሹኝ።»

«ሽሽቱን ፊቱ ቆመሽ እይው! በእናቴ አገር ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ተነሽ!» ብለው ቦርሳዋን አሸከሟት።

ትራም ላይ ቆማ የምትለውን ታጠናለች። «ዶክተር፣ ይቅርታ…» አይ፣ ይሄ አይሆንም። «ዶክተር፣ በዚህ ሳልፍ…» ውሸት! «አግኝቻለሁ አላልሽም ወይ ቢሉኝስ?» ላብ አጠመቃት።

ሁለት ፌርማታ ሲቀራት ወረደች… ልትመለስ!

ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

አበስኩ ገበርኩ! ዞራ ወደ ክሊኒኩ ሮጠች።

ስትደርስ ዶክተር ሆርሞዝ በሩ ላይ ቆመው ወረቀት ይለጥፋሉ። በትልቁ ተጽፏል… «ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው»።

ጎልናር ክው አለች። የምትሸሽበት ግን አልነበራትም።

«ዶክተር… ዋሽቼዎታለሁ። ማንም አልቀጠረኝም። ስምንት ሰዓት ላይ ፊርማ ካልያዝኩ አለቀልኝ። እባክዎ ይፈርሙልኝ!»

ፕላስተሩ ከእጃቸው ወደቀ።

«ማንም የለሽም?»

«ማንም።»

ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉላት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ስድስት ወር ሆነው። መርፌ መያዝ አልችልም። ረዳት ሐኪም ስላጣሁ እየዘጋሁ ነው። ታካሚዎቼ ከጠዋት ጀምሮ እየደወሉ ያለቅሳሉ… መስማት አቃተኝና የስልኩን ድምፅ አጠፋሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?!» ጮኸች፣ ማን ፊት እንደቆመች ረስታ።

«ነገርኩሽ እንጂ! ሁለቴ ነገርኩሽ!» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አንቺ ሊረዱኝ ነው ብለሽ እምቢ አልሽ… እኔ እኮ እየለመንኩሽ ነበር ልጄ። የተሻለ ቦታ አግኝታ ነው ብዬ ሦስተኛውን መጠየቅ አፈርኩ።»

ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ።

ከዚያ ኮንትራቶውን ከቦርሳዋ አውጥታ ያዘችላቸው፣ እሳቸው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ፈረሙ። ስምንት ሰዓት ላይ ስሟ ሲጠራ ኮንትራቶው እጇ ላይ ነበር።

ወገኖቼ… አስቡት! አንዷ ሥራ አጥታ፣ አንዱ ሠራተኛ አጥቶ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ እየጠጡ «ደህና ነኝ» ይባባላሉ። አንድ የትራም ጉዞ ባይኖር ኖሮ እሷም ተባርራ፣ ክሊኒኩም ተዘግቶ፣ ሁለቱም «እሳቸው እኮ ጨካኝ ናቸው… እሷ እኮ ኩሩ ናት» እንዳሉ ይኖሩ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሐኪሞቹ ራሳቸው ረሱት!

ችግራችሁን ለምታምኑት ሰው ግልጹን ተናገሩ። ማን ያውቃል… ያ ሰው እናንተን እየጠበቀ ይሆናል።

እስቲ እናንተ… ተቸግራችሁ ሳለ «ምንም አልጎደለኝም» ብላችሁ የሸኛችሁት ሰው ማን ነው? ዛሬ ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ 👇