የተራዘመ ዋስትና

ኮምፒውተሩ የሞተው ባልየው በሞተ በዓመቱ ነው። ልብስ ሰፊዋ ማብሪያውን ደጋግማ ተጫነች፣ ሶኬት ቀየረች፣ ጎኑን መታ መታ አደረገችው። ከውስጡ ቀጭ ቀጭ ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

ባልየው ጉሮሮውን ታሞ ነበር። ቀዶ ጥገናው ድምፁን እንደሚወስድበት ሐኪሞቹ ሲነግሩት፣ ኮምፒውተሩ ፊት እየተቀመጠ ድምፁን እየቀዳ ብቻውን ማውራት ጀመረ። ስለ ልጅነቱ አወራ፤ ዜማ በሌለው ድምፁ ዘፈነ፤ ምግብ ላይ ጨው ታበዣለሽ እያለ ሚስቱን ወቀሰ። ቀዶ ጥገናው ግን ድምፁን ወስዶ አልበቃውም፣ እሱንም ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ የምትከፍተው ያንን ድምፅ ነው። እየሳቀችም እያለቀሰችም ትሰፋለች።

ደግነቱ ዋስትና አለ። ኮምፒውተሩን ሲገዙ ባልየው የተራዘመውን ዋስትና ካልያዝኩ ብሎ ድርቅ ብሎ ነበር። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ብላ ስትስቅበት፣ “አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ” አላት። ዋስትናው የሚያበቃው በወሩ መጨረሻ ነው።

የጥገና ክፍሉ ከሱቁ በስተጀርባ ነበር። ጥገና ሠራተኛው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠ።

“እትዬ፣ ሃርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ ምን ነበር?”

“የባሌ ድምፅ። ሌላ ቦታ ቅጂ የለኝም።”

ሰውየው ወደ ሥራ አስኪያጁ የመስታወት በር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ቃል አልገባልዎትም። ብቻ እዚህ እኔ ጋ ይቆይ። የደንበኞች አገልግሎት ጋ አይደውሉ፤ በዋስትናውም አይጠይቁ።”

“ለምን? የከፈልኩበት ዋስትና እኮ ነው!”

“ግድ የለዎትም፣ ይስሙኝ። ነገ ብቅ ይበሉ።”

ነገ! ልብስ ሰፊዋ ይህችን ቃል አሳምራ ታውቃታለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ የበላችባት ቃል ናት። ጨርቁ ገና መቀስ ሳይነካው “ቁልፍ መትከል ብቻ ነው የቀረው፣ ነገ ነይ” ያለቻቸው ሴቶች ቢሰበሰቡ አዳራሽ ይሞላሉ። ከደንበኛ ጨርቅ ደህናዋን ቁራጭ ማስቀረትም የሙያው አመል ነው። አላደረግኩም የሚል ሰፊ ካለ ይማል።

በማግሥቱ ሄደች። “ነገ” አላት። በሌላው ቀንም ሄደች። ሰውየው ዓይኑ ደም መስሏል፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። እንዲያም ሆኖ ፈገግ አለ።

“ጋሼ ግን ተጫዋች ሰው ነበሩ” አላት። “እባክዎ፣ ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ።”

ልብሱ ያልደረሰለት ደንበኛ በቁጣ ሲገባ እሷም የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ወንበር ስባ የሚስቱን ደህንነት፣ የልጆቹን ትምህርት ትጠይቀዋለች። ለሰፊ ስፌት አይነገረውም።

ቀጥሎ የሄደችው ሳይጠብቃት ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ኮምፒውተሯ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ በሽቦ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ተያይዟል። ሰውየው ሲያያት ደንግጦ ተነሣና በጨርቅ ሸፈነው።

“ምንድን ነው የምትሸፍነው?”

“ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ይሰሙናል። ነገ እነግርዎታለሁ።”

ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል አለች በሆዷ። ደህና ደህናውን ለራሱ፣ የበሰበሰውን ለእሷ! ነገ ነገ የሚላትም ዋስትናው እስኪያልፍ ነው። እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ከሱቁ ወጣች፣ ቤት እስክትደርስም አልቻለችም፤ መንገድ ዳር ቆማ ደወለች።

ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ልጅ አነሣች። ድምፅዋ ማር ነው።

“ዋስትናዎ ጸንቷል፣ እናቴ። ማንም ሊያጉላላዎት መብት የለውም። አቤቱታ ላስመዝግብልዎት?”

“አስመዝግቢልኝ! ያ ሰውዬ ከዕቃዬ ላይ እጁን ያንሣልኝ። ያወጣው ነገር ካለም በእጁ እንዳይቀር። ባሌን ሁለት ጊዜ አልቀብርም!”

ልጅቷ አንድም ሳታስቀር መዘገበች። ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች። ባሏ ልክ ነበር፤ አመሰገነችው።

ብዙም ሳይቆይ ከሱቁ ተደወለላት። ስትደርስ የጥገና ሠራተኛው ወንበር ባዶ ነበር፤ ሸሚዙ እንኳ ከመስቀያው ላይ ተነሥቷል። እሰይ አለች። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ብድግ ብሎ ተቀበላትና ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ኮምፒውተር ፊቷ አኖረ።

“ይቅርታ እንጠይቃለን፣ እናቴ። እነሆ፣ ከአሮጌው የተሻለ ነው።”

“ድምፁንስ? ወደዚህ አዛወራችሁት?”

“ዋስትናው የሚሸፍነው ዕቃውን ነው፤ ውስጡ ያለውን አይደለም። የተተካ ማሽን ደግሞ ለደንበኛው ምስጢር ሲባል ሃርድ ዲስኩ ይፈጫል። የእርስዎም ጠዋት ተፈጭቷል።”

ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑን ተደገፈች።

“ያ ሌባ” አለች። “ያ ሌባ ነው ጉድ የሠራኝ።”

“ስለ እሱስ አይስጉ” አላት ሥራ አስኪያጁ ትከሻዋን እያሻሸ፤ “ከደንብ ውጭ ሌሊቱን ሁሉ እያደረ ወደ ራሱ ኮምፒውተር የገለበጠውን የባለቤትዎን ድምፅ፣ ከሞላ ጎደል ጨርሶት ነበር፣ በአቤቱታዎ መሠረት ምንም ሳናስቀር አጥፍተንልዎታል።”