ሦስት ጊዜ ተጠርተው ያልቀረቡት አስር አለቃ

"ውሸታም ነህ አባዬ! ዛሬ ጉድህ ይወጣል!"

ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት...

ልጅቷ ግን ግድ አልሰጣትም። ደሟ ፈልቷል።

ልብስ ሰፊ ነች። የደንበኞቿን ሥራ ጥላ አባቷን እየነዳች የመጣችው የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ወደሚታከሙበት ማዕከል ነው።

እጇ ላይ ለአባቷ የተጻፈ ደብዳቤ ይዛለች። "ለክፍል 9 ቀጠሮ ሦስት ጊዜ ተጠርተው አልቀረቡም። በመጨረሻው ቀጠሮም ካልቀረቡ ፋይልዎ ይዘጋል" ይላል። የመጨረሻው ቀጠሮ ዛሬ ነው።

ፋይሉ ከተዘጋ ህክምናው ቀረ ማለት ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? አባትየው፣ ሰፈሩ "አስር አለቃ" የሚላቸው ሰውዬ፣ የምን ህክምና እንደሆነ ሳይነግሯት፣ በየቀጠሮው ቀን ጫማቸውን ወልውለው "ህክምና ሄጃለሁ" ብለው ከቤት ይወጡ ነበር!

ታዲያ የት ሲውሉ ከረሙ?

ልጅቷ መልሱን ራሷ ጨርሳዋለች... መጠጥ ቤት።

ጠዋት ፊት ለፊታቸው ቆማ ነግራቸዋለች፤ "ዋሽተኸኝ ከሆነ ከቤቴ ትወጣልኛለህ። አለቀ!"

ቀድሞም ቂም ይዛባቸዋለች። ስትጠራቸው አቤት አይሉማ!

ስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች "አባዬ፣ በር ይንኳኳል!" ትላለች... ዝም።

"አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል!"... ዝም።

ንቀት ነው ብላ ደምድማለች። ዓመት ሙሉ ውስጥ ውስጡን ሲበላት ኖሯል።

"የት ነበርክ? ተናገር እንጂ!" አለች ጣቷን ቀስራ።

"እዚሁ ነበርኩ" አሉ አስር አለቃ። "እዚች አግዳሚ ላይ። ከጠዋት እስኪዘጋ ድረስ። የጠራኝ ሰው የለም!"

መዝጋቢዋ ከመስኮቷ ውስጥ ሆና ከት ብላ ሳቀች።

"እህቴ፣ አትድከሚ። የክፍል 9 ሰዎች ሁሉም እንዲህ ናቸው። በዚህ ወር ብቻ የአስራ ሰባት ሰው ፋይል ዘግቻለሁ። ይመዘገባሉ፣ ይጠራሉ፣ አይገኙም። ከዚያ መጥተው አልተጠራንም ይላሉ!"

"እኔ ቀርቼ አላውቅም!" አስር አለቃ መስኮቱን በመዳፋቸው መቱት።

"ስለዚህ ውሸታሟ እኔ ነኛ?"

"አዎ! አንቺ ነሽ!"

ኮሪደሩ ቀውጢ ሆነ። አንዱ "ሽማግሌ አክብሪ!" ይላል፣ ሌላው "ወረፋችንን አታበላሹ!" ይላል።

ይሄኔ ወለል የምትወለውለው ሴትዮ ቀና አለች።

"ኧረ ተዉ! እኚህ ሰው ቀርተው አያውቁም። በየቀጠሯቸው እዚሁ ነው የሚውሉት። 'አባቴ፣ እግርዎን ያንሱልኝ' ስላቸው ዞር ብለው ስለማያዩኝ በመወልወያው ነካ ነው የማደርጋቸው።"

"ይኸው!" አለች ልጅቷ። "ንቀቱ ለእኔ ብቻ አይደለም ማለት ነው!"

ይህን እያለች የክፍል 9 በር ገርበብ አለ። ነርሷ አፏን በማስክ እንደሸፈነች አንገቷን ብቻ ብቅ አደረገች።

"ሃያ አራት!"

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"ሃያ አራት!... ሃያ አራት!"

ሦስት ጊዜ ጠራች። ከዚያ የያዘችው መዝገብ ላይ "አልቀረቡም" ብላ መጻፍ ጀመረች።

ልጅቷ የአባቷን እጅ አየች... የጨበጡት የወረፋ ካርድ ላይ "24" ይላል።

አስር አለቃ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ከመዝጋቢዋ ጋር እየተጨቃጨቁ ነው። በሩ ከእሳቸው ሁለት እርምጃ አይርቅም!

ልጅቷ ቀና ብላ በሩ ላይ የተለጠፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበች...

"ክፍል 9፦ በፍንዳታ ምክንያት የመስማት ችሎታቸው የተጎዳ ታካሚዎች።"

አያችሁልኝ?

መስማት የተሳናቸውን ሰዎች በድምፅ እየጠሩ... "አልቀረቡም" ብለው ፋይላቸውን ይዘጋሉ!

ልጅቷ የነርሷን እስክሪብቶ ነጥቃ ደብዳቤውን ገለበጠችና ጀርባው ላይ በትልቁ "24" ብላ ጽፋ አባቷ ዓይን ፊት ያዘችው።

"አቤት!" አሉ አስር አለቃ፣ ቀጥ ብለው።

ከዚያ መዝገቡን አየች። ከእሳቸው በፊት "አልቀረቡም" የተባሉት 19፣ 21 እና 22 ናቸው። እነሱንም ጽፋ ወደ አግዳሚው አዞረችው...

ሦስት ሽማግሌዎች ተነሱ።

መዝጋቢዋ ይቅርታ የጠየቀች መሰላችሁ? ወይ ፍንክች! "መመሪያው ተጠርተው ይገባሉ ነው የሚለው" ብላ መስኮቷን ዘጋች።

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች።

"እንደማይሰማህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ፊት ለፊት ስታወሪኝ ከንፈርሽን እያየሁ እገምታለሁ" አሉ። "ከታከምኩ በኋላ ልነግርሽ ነበር። ሸክም እንዳልሆንብሽ ብዬ..."

"እኔ እኮ ስጠራህ ዝም የምትለኝ ንቀኸኝ መስሎኝ ነው!"

አስር አለቃ ግራ ገባቸው። ትክ ብለው አዩዋት።

"ትጠሪኝ ነበር እንዴ?" አሉ። "እኔ ደግሞ አኩርፈሽኝ መጥራት የተውሽ መስሎኝ... ዓመቱን ሙሉ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ነበር።"

ልጅቷ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እኔ ይህን ስጽፍ ራሱ ንዴቴ አልበረደም!

ትምህርቱ አጭር ነው። የቤታችሁ ሰው ዝም ሲላችሁ "ናቀኝ" ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ተነስታችሁ ሂዱና ትከሻውን ንኩት። መስኮት ውስጥ ተቀምጣችሁ "መመሪያ ነው" የምትሉም... ፋይሉን ከመዝጋታችሁ በፊት አንዴ ቀና ብላችሁ አግዳሚውን እዩት!

አሁን እውነቱን እናውራ። አስር አለቃን ይበልጥ የበደለቻቸው መዝጋቢዋ ናት ወይስ ልጃቸው? ሳትፈሩ ኮመንት ላይ ፍረዱ...