የቀኙ መብራት

«ምን ቀረህ?» ይላሉ ጋሽ በዛብህ፣ ከበላዬ ቆመው። ጥላቸው እጄ ላይ ወድቋል።

«ግራው አለቀ። ቀኙ ይቀራል።»

እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሠራው። ሁለቱን መብራት አንድ ላይ አልነካም። አንዱን ጨርሼ ባለመኪናውን እጠራና ጎን ለጎን አሳየዋለሁ። አንዱ ውሃ መስሎ፣ ሌላው ደግሞ የከረመ ቅቤ መስሎ ሲታይ ምን ሠራህ የሚለኝ የለም። የላቫጆው ልጆች «ሞራ ገፋፊው» ይሉኛል፤ የመኪና ዓይን ነው የምገፍፈው። ስሜን ከጠሩት ቆዩ። አልከፋኝም። ከሰው ይልቅ ከመብራት ጋር መዋል ይቀለኛል።

ጋሽ በዛብህ ግን ግራና ቀኙን አያወዳድሩም። የሚያዩት ሰዓታቸውን ነው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቦሎ ይታያል። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አልቆ ላግኘው።» መንገዱን ተሻግረው ሻይ ቤት ይገባሉ።

ቀኙ ላይ ውሃ አፈሳለሁ። ሚኒባሱ አሮጌ ነው። በዚህ በኩል ኮፈኑ ሰርጉዷል፣ ፓራውልቱም በሽቦ ታስሯል። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሻካራውን ብርጭቆ ወረቀት ነክሬ ላሳርፍ ስል አንድ እጅ ቀድሞኝ መብራቱ ላይ ያርፋል። ሂናው የደበዘዘ የሴት እጅ።

«ተው» ትላለች።

ቀና እላለሁ። እዚህ ቆመው የቂሊንጦ ታክሲ ከሚጠብቁት አንዷ ናት። በሌላው እጇ ምሳ ዕቃ የታጨቀበት ዘንቢል ይዛለች። በሳምንት ሁለት ሦስቴ አያታለሁ፤ አውርተን ግን አናውቅም።

«እህቴ፣ ወረቀቱ እጅሽን ይልጥሻል።»

«ይሄ ባሌ የሚነዳው መኪና ነው። ሀይረዲን። ሁለት ዓመት ሙሉ በራችን ላይ ነው ያደረው።» ዓይኗ ከሰሌዳው ወደ ግራው መብራት ይሄዳል። «ይሄን አንተ ነህ ያጠራኸው?»

«ለቦሎ ነው ብለውኝ…»

«የምን ቦሎ።» ድምፅዋን አታነሳም። «ሰው የገጨው በዚህ ነው። ሲመሽ፣ ከፋብሪካ የወጣች ልጅ አስፋልት ስትሻገር። ሞተች። መኪናው በዋስ ወጣ፣ እሱ ቂሊንጦ እስር ቤት ገባ። መብራቱ አያሳይም፣ ያሠሩት ብዬ ባለቤቱን ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ ብሎ ለዳኛው ተናገረ። ዳኛውም መኪናው ይመርመር አለ። ዛሬ፣ ዘጠኝ ሰዓት።»

ብርጭቆ ወረቀቱ ከጣቶቼ መሃል ይንጠባጠባል። የግራው መብራት ቢጫ እጣቢ በእግሬ ሥር ፈሶ ቦዩ ውስጥ ገብቷል። ሀይረዲንን አላውቀውም፤ ግን ከዚያ ቢጫ ኋላ ተቀምጦ፣ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስግጎ ጨለማውን ሲፈልግ ይታየኛል። ልጅቷም ትታየኛለች። ያን የደከመ ብርሃን አይታ፣ ገና ሩቅ ነው ብላ እግሯን ስታነሳ።

«የተገፈፈውን መመለስ ይቻላል?» ትለኛለች።

«አይቻልም።»

«ይሄኛውስ?»

«ገና አልነካሁትም።»

ጋሽ በዛብህ መንገዱን እየተሻገሩ ነው። ሲያዩዋት እርምጃቸው ያዝ ይልና ከዚያ ይፈጥናል።

«ሐጀራ። አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምሳ ላደርስ ነው ጋሽ በዛብህ። እርስዎስ?»

ወደ እኔ ይዞራሉ። «አንተ፣ ለወሬ ነው ሥራ የሰጠሁህ? ቀጥል እንጂ።»

«ቀኙን አልሠራም፣ ጋሼ።» ድምፄ ቀጥኖ ይወጣል።

ጠጋ ይላሉ። ትንፋሻቸው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። «የላቫጆው ባለቤት ወዳጄ ነው። ነገ ይቺን ባልዲህን የት እንደምታስቀምጣት አስበህበታል?»

አላሰብኩበትም። አሁን አስባለሁ፤ አንድም ቦታ አይመጣልኝም።

ወረቀቱን ከእጄ ይመነጭቁታል። ኮታቸውን እንደለበሱ ቁጢጥ ብለው መብራቱን ይፈትጉት ጀመር። የላቫጆው ልጆች ሥራቸውን አቁመው ያያሉ። «ጋሼ፣ ለሞራ ገፋፊው ይተዉለት እንጂ» ይላል አንዱ፤ ማንም አይስቅም።

እሳቸው ያላወቁት ነገር አለ። ሻካራው ብቻውን አያጠራም፤ መጀመሪያ ያሳውራል። ከዚያ ለስላሳው፣ ከዚያም ከእሱ የለሰለሰው፣ በመጨረሻ ማወልወያው ቅባት እስኪመጣ ድረስ መብራት ከነበረበት ይብሳል። ቢጫው በእጃቸው ሥር ይነሳል። በቦታው ጭረት የሞላው ነጭ ይመጣል፣ እንደ ወተት።

«ለምንድነው የማይጠራው?» ይላሉ ሳይዞሩ።

«ይጠራል። በእኔ እጅ ከሆነ።» የቅባቱን ጣሳ እከድንና እቀመጥበታለሁ።

ሰዓታቸውን ያያሉ። ሲነሱ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ረጥቧል። ወረቀቱን ይወረውሩና ሚኒባሱን ያስነሳሉ። አንድ ዓይኑ ጠርቶ፣ አንዱ ታውሮ ወደ ዋናው መንገድ ይወጣል።

«ጠፋ» ትላለች ሐጀራ። «መርማሪው አሁን ምኑን ያያል?»

«ዛሬ መፈተጉን ያያል።»

«በፊት ምን ይመስል እንደነበርስ ማን ይነግረዋል?»

ፍርድ ቤት ገብቼ አላውቅም። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝ፤ ተማሪ ቤት ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት ሳልል እጄን ብቻ አነሳ ነበር። ታክሲው መጥቶ ረዳቱ «ቂሊንጦ፣ ቂሊንጦ፣ አንድ ሰው» ይላል። እሷ አትንቀሳቀስም። ታክሲው ይሄዳል።

ጎንበስ ብላ የወደቀውን ብርጭቆ ወረቀት ታነሳለች። ትገለብጠውና ጀርባውን በሻርፗ ጫፍ ታብሳለች። ከዘንቢሉ ጎን እስክሪብቶ ታወጣለች።

«ስምህ ማነው?»

ጥፍሮቼን አያለሁ። ሥራቸው ቢጫ ነው።

«ሮሪሳ።»

«ከነአባትህ።»

«ሮሪሳ ደበላ።»

ምሳ ዕቃው ክዳን ላይ አስደግፋ ትጽፋለች። ወረቀቱ እርጥብ ነው፣ ቀለሙ አልይዝ ይላታል። «ሮ»ን እንደገና ትጽፋታለች፣ ጫን አድርጋ።