ጉዳዩ ያሳሰበው ዜጋ

መምህርት ሎርና ፔትሪክ ከሥራ ለመባረር አንድ ደብዳቤ ብቻ ቀርቷቸው ነበር።

በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክና ሥነ ዜጋ ሲያስተምሩ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ ግን ለትምህርት ቦርዱ ሁለት የአቤቱታ ደብዳቤ ገባባቸው። «ልጆቻችንን ሕጉን ጠርጥሩት ይሏቸዋል» ይላል። ክፍል ውስጥ የተናገሩት ቃል በቃል ሰፍሯል፤ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ከግርጌው «ጉዳዩ ያሳሰበው ዜጋ» ከሚል በቀር ስም የለውም። ማንም አንብቦት የማያውቀውን የቦርዱን ደንብ ከነአንቀጹ ይጠቅሳል፦ ሦስተኛ አቤቱታ ከመጣ መምህሩ በሕዝብ ፊት ቀርቦ በቦርዱ ድምፅ ይቆያል ወይም ይሰናበታል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ ተማሪዎቹ ጊዜ ሳያጠፉ ከመካከላቸው አንዷን ጠረጠሩ። ኮሪን ቫስካ መምህርቷ ሲያስነጥሱ እንኳ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። አባቷ ደግሞ የቦርዱ አባል ነው። ምሳ ሰዓት አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ።

«ቀስ ብላችሁ አላምጡ፣ ጆሮ ጠቢዋ መጣች» አለ ዱዌይን የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ።

ልጅቷ ታሳዝናለች። አንድ ቀን ክፍሉ ባዶ ሲሆን መምህርቷ ፊት ቆማ አለቀሰች።

«እኔ አይደለሁም፣ ሚስስ ፔትሪክ። እርስዎም ይጠረጥሩኛል?»

መምህርቷ ዓይኗን ማየት አልፈለጉም። «ደብተርሽን እንዳትጥዪው» ብቻ አሏት።

ሦስተኛው ደብዳቤ ሰኞ ደረሰ።

በመስከረም መምህርቷ ተማሪዎቻቸውን የቦርዱን ስብሰባ እንዲያዩ ለምነው አንድም ሰው ዝር አላለም ነበር። በዚህ ሐሙስ ግን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ወንበር መዋስ አስፈለገ። ዱዌይን ሳይቀር ደንቡን አጥንቶ መጥቶ፣ ከሳሽ ለምን ፊቱን እንደማያሳይ ሊቀ መንበሩን ጠየቀ።

ከዚያ ኮሪን ደብተሯን ይዛ ተነሳች። አዳራሹ አጉረመረመ።

«ደብዳቤው ግማሹን ነው የጻፈው» አለች። «ሕጉን ጠርጥሩት ብለውናል፣ እውነት ነው። ቀጥለው ግን፣ ከጠረጠራችሁ እቤት አትቀመጡ፣ ስብሰባ ሄዳችሁ ተናገሩ ነው ያሉን።»

አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ መምህርቷ ሥራቸው ላይ ቆዩ። አራተኛውን እጅ ያወጣው የኮሪን አባት ነበር። ዱዌይን ወንበሩን ለኮሪን ለቀቀላት፤ ማን ጻፈው የሚለውን ግን ያን ቀን የጠየቀ አልነበረም።

መምህርት ፔትሪክ ቤታቸው ገብተው በገዛ እጃቸው የጻፉትን የሦስቱን ደብዳቤዎች ረቂቅ ምድጃ ውስጥ ከተቱና የውጤት መዝገባቸውን ከፍተው «ተሳትፎ» ከሚለው ሥር ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ሞሉ።