ስም ለማስቀየር

ስሜ ጥራጊ ነው። በአገሩ ላይ ይህን ስም የተሸከምኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ትምህርት ቤት ስሜ በተጠራ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ያውካካ ነበር፤ መሥሪያ ቤት ደግሞ ቲጂ ነኝ እያልኩ ስንት ዓመት ዋሸሁ። ልጇን ከቤት ተጠርጎ በሚወጣ ቆሻሻ የምትጠራ እናት ምን ዓይነት እናት ናት?

በመጨረሻ ስሜን ለማስቀየር ፍርድ ቤት አመለከትኩ። ምስክር ሲያስፈልገኝ፣ "ለመታወቂያ ጉዳይ ነው" ብዬ እናቴን ከገጠር አስመጣኋት። ሰው ፊት አብሬያት መቆሜ ራሱ አሳፍሮኝ ነበር።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "እማማ፣ ለልጅዎ እንዴት እንዲህ ያለ ስም ያወጣሉ?"

እናቴ መሬት መሬት እያየች መለሰች።

"ቆንጆ ቆንጆ ስም ያወጣሁላቸው አምስቱ አላደጉልኝም፣ እመቤቴ። ይቺን እንኳ ሞት ንቆ ይተውልኝ ብዬ ነው።"

አንገቴን ደፋሁ። ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ።

"አዲሱስ ስም ማን ይሁን?"

"ፀዳለ..." ብዬ ሳልጨርስ የእናቴ እጅ አፌን ከደነኝ።

"ቀስ በይ፣ ልጄ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ይሰማሻል።"